የእንባ መለኪያ

እናቴ «ዓይኔ ውስጥ አሸዋ አለ» ማለት የጀመረችበትን ቀን አላስታውስም። የማስታውሰው አሸዋውን ስፈልግላት ነው። ከስፌት መኪናዋ ፊት ወደ መስኮቱ ትዞርና፣ «ነይ እስኪ፣ ያንቺ ዓይን ደህና ነው፤ እዪልኝ» ትለኛለች። ጭኗ ላይ ወጥቼ የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቴ ዝቅ አድርጌ አያለሁ። ቀያይ ክሮች አሉ። አሸዋ የለም። «የለም እማ» ስላት፣ «በደንብ እዪ እንጂ፣ አለ» ትላለች። አንድ ቀን ደስ እንዲላት ብዬ «አገኘሁት! አወጣሁት!» አልኩና ጣቴን እፍ አልኩ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች። ከዚያ ከፈተችው። «አሁንም አለ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ፍርሃት የጀመረኝ ያን ጊዜ ነው። ውስጧ ያለ፣ እሷ የምታውቀው፣ እኔ ግን የማላየው ነገር እንዳለ ገባኝ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የፊተኛው ክፍላችን ግማሹ ቤት ግማሹ ሱቅ ነው። የሚያጥር ሱሪ፣ የሚጠብ ቀሚስ፣ የተማሪ ደንብ ልብስ ወንበሩ ላይ ተቆልሎ ይውላል፤ እንግዳ ሲመጣ ልብሱ ተነስቶ አልጋ ላይ ይጣላል፣ እንግዳው ሲሄድ ልብሱ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። አሸዋው ከመጣ በኋላ መርፌ ላይ ክር ማስገባት የኔ ሥራ ሆነ። ቀጥሎ የአየር ማራገቢያው ጠፋ፤ ነፋሱ እንደ በርበሬ ይለበልባታል። ቀጥሎ መጋረጃው ተዘጋ። በመጨረሻ መኪናው አሮጌ አንሶላ ለበሰና እናቴ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብታ፣ እርጥብ ፎጣ ዓይኗ ላይ አድርጋ ተኛች። ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ፣ ሻንጣዋን ይዛ መጣችና ቤቱን ተረከበች። ቤታችን በጠራራ ፀሐይ የሚጨልም ቤት ሆነ።

ከአልጋዋ አጠገብ ሁልጊዜ የውሃ ብርጭቆ አለ። ዳቦ ስትበላ በውሃ ካላወረደችው ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል። ስታወራ ምላሷ ላንቃዋ ላይ እየተጣበቀ ቀጭ ቀጭ ይላል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ያን ድምፅ እሰማለሁ፤ አልገባም። እናቴ ከውስጥ ወደ ውጭ እየደረቀች፣ አንድ ቀን እንደ ቅጠል የምትሰባበር ይመስለኝ ነበር።

ሐኪም ቤት የቀረን የለም። አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ስለሆነ እንደልቡ ከሥራ መቅረት አይችልም፤ አክስቴ ቤት ትጠብቃለች፤ እናቴን የምመራት እኔ ነኝ። ብርሃኑንም ነፋሱንም ስለማትችል ዓይኗን ጨፍና ትከሻዬን ትይዛለች። እኔ «ደረጃ» እላለሁ፤ «ውሃ» እላለሁ፤ «መኪና፣ ቁሚ!» እላለሁ። ጣቶቿ ሲጠብቁ ትከሻዬ ያመኛል፤ ሲላሉ ደግሞ ትወድቅብኛለች ብዬ በፍርሃት እሞታለሁ። ሰው ዞር ብሎ ሲያየን መንገዱ ሁሉ የሚያልቅ አይመስልም።

የመጀመሪያው ሐኪም አለርጂ ነው ብሎ ጠብታ ሰጣት። ሁለተኛው መነጽር አዘዘላት። ሌላው ብዙ ጠይቆ ጠይቆ፣ «የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?» አላት። እናቴ «ዓይኔ ነዋ!» አለችው። ስንወጣ እስከ በሩ ድረስ ብቻዋን ታጉረመርም ነበር። ጠብታውን ግን ትጨምራለች፤ በጨመረችው ቁጥር ጥርሷን ነክሳ የአልጋውን ጠርዝ ትጨብጣለች። አክስቴ፣ «የሚያቃጥለው ሲሠራ ነው፤ ቻይው» ትላታለች። አሁን እንደማውቀው፣ ያ ጠብታ እንዳይበላሽ የተጨመረበት ኬሚካል ራሱ ነበር ዓይኗን የሚልጠው። መድኃኒት እየመሰላት ቁስሏን ነበር የምትመግበው። ያኔ ግን አክስቴ ጠርሙሱን ይዛ ወደ ክፍሉ ስትገባ ሳይ ከበሩ ኋላ እደበቅ ነበር። አክስቴን ነበር የፈራሁት።

በዚህ መሀል የእናቴ አባት ሞቱ።

አያቴ ከኛ ጓሮ ባለችው ክፍል የሚኖሩ፣ በጉብዝናቸው ጊዜ ጫማ ሠሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ሲስሉ በግድግዳው በኩል ይሰማል። እናቴ ለሳቸው ልዩ ነበረች፤ ሌሎቹን ልጆቻቸውን በስማቸው ሲጠሩ እሷን «ዓይኔ» ነበር የሚሏት። የሞቱ ቀን ቤቱ በሰው ሞላ። አክስቴ ጮኸች፤ ፊቷ በእንባ ታጥቦ፣ እንባው አንገቷ ድረስ ወረደ። አባቴ እንኳ፣ ወንዱ አባቴ፣ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። እኔ በሰው እግር መሀል እየተሹለከለኩ እናቴን ፈለግኳት።

ውስጠኛው ክፍል አገኘኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች። ከጀርባዋ ነው ያየኋት። ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ድምፅ የለም። አንገቷ ወደ ኋላ ይልና ወደ ፊት ይመለሳል፣ ልክ አባቴ ቀልድ ሲነግራት እንደምትሆነው። ከዚያ ዞር አለች፤ ፊቷ ደረቅ ነው። አንድ ጠብታ የለበትም።

እናቴ ስትስቅ ነበር። አባቷ ሞቶ ስትስቅ።

ክው ብዬ ወደ ኋላ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ሴትዮ ለሌላ ሴት፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ታንሾካሹካለች፦ «ዓይነ ደረቅ! የገዛ አባት ሞቶ እንደዚህ ይኮናል?» ሌላዋ «ምን ይደረግ፣ አንዳንዱ ሰው እንዲህ ነው» አለች።

ዓይነ ደረቅ። ቃሉን አውቀዋለሁ። የሰው ብስኩት ሰርቆ አልሰረቅኩም የሚል ልጅ ዓይነ ደረቅ ነው። ሐፍረት የሌለው፣ ፍቅር የሌለው። ለካ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለአባቷ ያላለቀሰች፣ እኔ ብሞትስ?

አባቴ እንደምንም ፈቃድ አግኝቶ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የወሰደን ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሟ ሸበቶ፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ፣ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው። እናቴን ረጅም ወንበር ላይ አስቀመጡና ከትንሽ ፓኬት ቀጫጭን ነጭ ወረቀት አወጡ። የወረቀቱን ጫፍ አጥፈው በታችኛው የዓይን ቆቧ ላይ አንጠለጠሉት፤ በሁለቱም ዓይን። «ዓይንሽን ጨፍኚ እህቴ፣ አትናገሪ» አሉ። እናቴ ከሁለት ዓይኗ ወረቀት ተንጠልጥሎ እንደ ሐውልት ተቀምጣለች። ምን እየጠበቅን እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን ሁላችንም እንደምንጠብቅ ይታወቅ ነበር።

ሐኪሟ ወረቀቶቹን አወጡና መብራት ላይ አዩዋቸው። ለአባቴም አሳዩት። «ይኸው፤ እንባው ይዞት እስከዚህ መውረድ ነበረበት። ምንም የለም። ዓይኗ ደረቅ ነው፤ በጣም ደረቅ።»

አባቴ አንገቱን ደፋ።

እኔ በሩ ጋ ባለችው ትንሽ ወንበር ላይ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። ሐኪሟም አወቁ። በወረቀት መዝነው አወቁባት። ሰው አባቱን ይውደድ አይውደድ የሚለካበት ወረቀት አለ፤ የእናቴም ባዶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያወሩት አንድም አልገባኝም። «ሰውነቷ የራሱን እንባ ማመንጫ እንደ ጠላት ቆጥሮ ነው የሚያጠቃው፤ አፏም የሚደርቀው ለዚህ ነው» ማለታቸውን አባቴ ነው ኋላ የነገረኝ። እኔ የሰማሁት «ጠላት» የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር።

ማታውን አባቴ ወጥ ቤት ጫማውን እያወለቀ፣ አክስቴ ሰሃን እያጠበች ያወራሉ። እኔ ከበሩ ኋላ ነኝ።

«ምን አሉ ታዲያ?»

«መጀመሪያ በደሟ እንሞክር አሉ።»

«በምኗ?»

«በደሟ። ይቀዱና ተዘጋጅቶ ዓይኗ ውስጥ ይጨመራል።»

ሰሃኑ ከአክስቴ እጅ ሾልኮ ውሃው ውስጥ ገባ። «ምነው! ምነው! ደም ዓይን ውስጥ?»

«እኔም እንዳንቺው ነው ያልኩት። ይሄ ካልሆነ ደግሞ...» አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሰፋል አሉ።»

«ምኑ?»

«ዓይኗ።»

ከዚያ በላይ አልቆምኩም። ሮጬ አልጋዬ ውስጥ ገባሁና ብርድ ልብሱን በራሴ ላይ ሳብኩ። «ጥጉን ብቻ ነው፣ ቁስሉ እንዲድን ትንሽ እንዲሸፈን፤ ኋላ ይፈታል» ብሎ መጨረሱን የሰማሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ያኔ ግን ስፌት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የማውቅ ልጅ ነበርኩ። መርፌው ጨርቁን እየበሳ ሲወጣ ሲገባ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የወፍራም ሱሪ መርፌ አለ፤ የስስ ቀሚስ መርፌ አለ። የዓይን የትኛው ይሆን? እያልኩ ጠዋት ሆነ።

ጠዋት ሥራዬን ጀመርኩ። የመኪናውን መርፌ እናቴ ስታደርግ እንዳየሁት ብሎኑን አላልቼ ነቀልኩት። ከመሳቢያው ትርፎቹን፣ ከትንሿ ትራስ ላይ የእጅ መርፌዎቹንና ስፒሎቹን ሰበሰብኩ። ጣቴን ብዙ ቦታ ወጋኝ፤ አላለቀስኩም። ሁሉንም ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ ደረጃው ሥር ባለው የአበባ ማሰሮ ውስጥ፣ አፈሩን ጭሬ ቀበርኩት። በቤታችን መርፌ ከሌለ በምን ይሰፏታል?

ከሰዓት አባቴ ለፈረቃው ሲለብስ የደንብ ልብሱ ቁልፍ ተበጠሰ። አክስቴ መሳቢያ በመሳቢያ ፈተሸች። «በልብስ ሰፊ ቤት አንድ መርፌ ይጥፋ? ሰው ቢሰማ ምን ይላል!» አባቴ ደረቱ ክፍት እንደሆነ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። እኔ አልሳቅኩም። ወሬው ትክክል እንደሆነ፣ መርፌ መፈለግ መጀመራቸውን ነበር ያሰብኩት።

ደሟ የሚቀዳበት ቀን አክስቴና እኔ አብረን ሄድን። ክፍሉ የአልኮል ሽታ አለው። እናቴ ተቀመጠች፣ ፎጣዋን ዓይኗ ላይ እንዳደረገች እጇን ዘረጋች። ነርሱ ክንዷን በላስቲክ አሰረና ከትሪው ላይ አነሳ።

መርፌ። ረጅም፣ አንጸባራቂ መርፌ። የኛን ቤት ብቻ ነበር የጠረግኩት፤ የነሱን ረስቼዋለሁ።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ነርሱ እጅ ላይ ተጠመጠምኩ። «አትስፏት! አትስፏት! ታለቅሳለች! ይቅር በሏት፣ ለአያቴ ታለቅሳለች!» ትሪው ወለል ላይ ወደቀ። አክስቴ ወገቤን ይዛ ስትጎትተኝ የወንበሩን እግር ይዤ ቀረሁ። ጩኸቱን ሰምተው ሐኪሟ ከጎን ክፍል መጡ።

«ምን ሆነች ይቺ ልጅ?»

«እኔንጃ ዶክተር፣ ጤነኛ ነበረች እኮ!» አለች አክስቴ፣ ላብ አጥምቋት።

እናቴ ፎጣውን ከዓይኗ አነሳች። «ልቀቋት። ነይ ወዲህ። ማን ነው የሚሰፋኝ?»

«እሳቸው።» በጣቴ ጠቆምኩ።

«ለምን?»

«ስላላለቀስሽ። ወረቀቱ ደረቅ ስለወጣ። አባትሽን ስላልወደድሻቸው።»

ነርሱ ጎንበስ ብሎ ከወለሉ የሚለቅመውን ትቶ ቀና አለ። ሐኪሟ ወንበር ሳቡና ከፊቴ ተቀመጡ። ከኪሳቸው ያን ፓኬት አወጡ፤ አንዱን ወረቀት አጥፈው የራሳቸው ዓይን ላይ አንጠለጠሉት። «አሁን እኔ አዝኛለሁ?» አሉኝ። አስቂኝ ነበሩ፤ ግን አልሳቅኩም። «አይ» አልኩ። «ያለቀስኩ እመስላለሁ?» «አይ።» ትንሽ ጠበቅን። ወረቀቱን አውጥተው እጄ ላይ አደረጉት። ግማሹ እርጥብ ነው። «ዓይን እንዳይደርቅ ሁልጊዜ ውሃ አለው። ያንቺም አለው። የእናትሽ አልቋል። ይኸው ነው፤ ወረቀቱ ሌላ ነገር አያውቅም።»

እርጥቡን ወረቀት በጣቶቼ መሀል ይዤ አሰብኩ። ገባኝ። ግን አንድ ነገር ቀረኝ።

«ታዲያ ለምን ሳቅሽ?» አልኳት እናቴን።

«መቼ?»

«አያቴ የሞቱ ቀን። ግድግዳው ጋ።»

እናቴ ልትመልስልኝ አፏን ከፈተችና ድምፅ አልወጣም። ትከሻዋ መርገፍገፍ ጀመረ። አንገቷ ወደ ኋላ ሄዶ ወደ ፊት ተመለሰ። ያን ቀን ከጀርባ ያየሁትን አሁን ከፊት አየሁት። አፏ ተጣሞ፣ ግንባሯ ተጨማዶ፣ ዓይኗ ፍም መስሎ ቀልቷል፤ የሚወርድ ነገር የለም። ሳቅ አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አላየሁም። አክስቴ ፊቷን አዞረች። ሐኪሟ የእናቴን ራስ ደገፍ አድርገው፣ «በቃ እህቴ፣ በቃ፤ ይጎዳሻል» እያሉ ጠብታ አደረጉላት። ለእሷ ማልቀስ ራሱ ቁስል ላይ ጨው እንደመነስነስ እንደነበር ኋላ ነው የተረዳሁት።

ደሟን ቀዱት። እጇን ይዤ ቆምኩ። ጥቁር ቀይ ሆኖ ቱቦው ውስጥ ሲሞላ አይቼ አልጮኽኩም።

ከፎቁ ስለነበረችው ሴትዮም ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። «ዓይነ ደረቅ» ብላ የሰደበችው፣ አባቱ ሞቶ ከሰው ሁሉ በኋላ ብቅ ያለውን አጎቴን፣ የእናቴን ወንድም ነበር። ለእናቴማ ሾርባ እየሠራች ትልክላት ነበር። ይህን ስነግራት እናቴ፣ «እሷን በጎሪጥ የምታዪያት ለዚህ ነበር እንዴ?» ብላ ዛሬም ትገረማለች። መርፌዎቹን የት እንደቀበርኩ ነግሬው አባቴ ያኔውኑ ቆፍሮ አወጣቸው፤ ግማሾቹ ዝገው ነበር።

ግን ፍርሃቱ በዚያ አላበቃም። ስፌቱ ውሸት አልነበረም፤ ደሙ ካልሠራ መሰፋቷ አይቀርም። ከሆስፒታሉ የመጡት ትናንሽ ጠርሙሶች ፍሪጁ በረዶ ቤት ውስጥ ተደረደሩ። ቀይ ይሆናሉ ብዬ ስጠብቅ እንደ ቀጭን ሻይ ቢጫ ሆነው መጡ፤ ቀዩን ለይተው አስቀርተውት ነው። አክስቴ እጇን በሳሙና ታጥባ ታጥባ፣ እስትንፋሷን ይዛ ትጨምርላታለች። መብራት ሲጠፋ እንዳይበላሽ አባቴ በረዶ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ይሮጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጨመርላት እናቴ አልጋውን እንድትጨብጥ ጠበቅኩ። አልጨበጠችም። «አያቃጥልም» አለች፣ እንደማታምን ሰው።

አለማቃጠል ግን መዳን አይደለም። ለክትትል በሄድን ቁጥር ሐኪሟ አንዳች አረንጓዴ ቀለም ዓይኗ ውስጥ አድርገው በሰማያዊ መብራት ያያሉ። እኔ የሳቸውን ፊት ነው የማየው። አንዴ «ገና ነው» አሉ። አንዴ ከአባቴ ጋር ወጣ ብለው አወሩና አባቴ ሲመለስ ሊያየኝ አልፈለገም፤ የሚሰፉበት ቀን የተቆረጠ መሰለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ መብራቱን አጥፍተው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉና፣ «ይዟል፤ ቁስሉ እየጠገገ ነው» አሉ። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ፈጽሞ የሚድን ነገር እንዳልሆነ፣ ጠብታው ከእጇ እንደማይለይ ነገሩን። እስከ ዛሬም አልተለያትም። ስፌቱ ግን ቀረ።

ከዚያ ሰንበት ብሎ ነው፤ ጠዋት ነበር። ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብዬ ዳቦ እበላለሁ። እናቴ ማንንም ሳትይዝ ከውስጥ መጣችና መጋረጃውን ያዘች።

«ተይ፣ ብርሃኑ ይጎዳሻል!» አለች አክስቴ ከወጥ ቤት።

«ተዪኝ እስኪ።»

ሳበችው። ብርሃኑ ክፍሉን ሞላው፤ አቧራው ሲንሳፈፍ ታየ። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ ብዙ ጊዜ እየጨፈነች እየከፈተች ዞረችና አየችኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ዓይኗ ተከፍቶ ሲያየኝ ስላልለመድኩት ፈራኋት። መጥታ ጎንበስ አለችና አገጬን በጣቷ ቀና አደረገችው።

«ጥርስሽስ?»

«ወለቀ።»

«መቼ?»

«ቆየ። አዲሱም እየወጣ ነው።»

ጣቷን አፌ ውስጥ አስገብታ የአዲሱን ጥርስ ጫፍ ነካችው፤ እንደ መጋዝ ሻካራ ነው። ረጅም ጊዜ ነካካችው። ከዚያ ወንበሩን ስባ ከፊቴ ተቀመጠች፣ ጉልበቷ ጉልበቴን እስኪነካ ድረስ ተጠጋች።

«ሌላስ ምን አመለጠኝ?» አለች።

ብዙ ነበር። ከየት እንደምጀምር ጨነቀኝ። ዳቦዬን አስቀምጬ፣ ትምህርት ቤት የገባሁ ዕለት አባቴ እጄን ከለቀቀበት ጊዜ ጀመርኩላት።